አጎቴ መኪናቸውን ሰላም ሲሉ

አጎቴ ካረፉ ገና ወር አልሞላም። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ሰላምታቸውን እጠብቃለሁ።

ጣሊያን ጥሏት የሄደ፣ ድርቆሽ የሚያመላልሱባት አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበረቻቸው። የሱሉልታ ውርጭ ሲመታት ያደረች እንደሆነ በቀላሉ አትነሳም። አጎቴ ቁልፉን ከመንካታቸው በፊት ኮፈኖዋን ከፍተው "አካም ቡልቴ?" ይሏታል፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ የአገሩ ሰው ልጁንም ከብቱንም አንድ በአንድ እንደሚጠይቀው፣ "ባትሪሽ ደህና አደረ? ናፍጣሽስ?" እያሉ ሁሉንም በእጃቸው ይዳስሳሉ። "ኧረ ናፍጣው አየር ገብቶበታል!" ካሉ፣ ፓምፑን በእጃቸው እየገፉ ያስወጡላታል። ሳይጠይቋት አስነስተዋት አያውቁም።

ሚስታቸው፣ አክስቴ፣ በሩ ላይ ቆማ "እኔንስ እንዴት አደርሽ አይሉኝም?" ስትላቸው፣ "አንቺማ ሳትጠየቂም ትነሻለሽ" ብለው ይስቁ ነበር።

ትናንት ጠዋት ድርቆሹን ሊያደርስ የመጣው ሾፌር ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር መኪናዋ እምቢ አለች። አክስቴ ከል እንደለበሰች ከቤት ወጣች። እጇን ኮፈኖው ላይ አሳርፋ "አካም ቡልቴ?" አለቻት። ባትሪውንም ናፍጣውንም ግን መጠየቅ አልሆነላትም።

ቀና ብላ አየችኝና፣ "እኔም እኮ ሳልጠየቅ መነሳት አቃተኝ" አለችኝ።