የአራስ ቤት ብረት

በሥራ ዘመኔ እንደ «ተመስገን» ያናደደኝ ቃል የለም። ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠው ሰው ተመስገን ይላል፤ እግሩ የቆሰለው ተመስገን ይላል፤ ልጇ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስመልስ የሰነበተባት እናት እንኳ ወሬዋን የምትጀምረው በተመስገን ነው። ቁስል ከሆነ ግድ የለም፣ ተገልጦ ይታያል። ያስቸገረኝ ተገልጦ የማይታየው ነው።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ከአንኮበር ከተማ ራቅ ብላ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራች ጤና ጣቢያ፣ ጤና ረዳት ሆኜ ተመድቤ ነበር። ደብረ ብርሃን ያደግሁ ስለሆነ ብርዱ ብርቅ አልሆነብኝም፤ ያስመረረኝ ዳገቱ ነው። ከሥራዎቼ አንዱ አራሶችን በየቤታቸው እየዞርኩ መጠየቅ ነበር። ለዚህም ቅጽ ተሰጥቶኛል። ደም፣ ትኩሳት፣ ጡት፣ የልጁ እትብት እያለ ይወርድና መጨረሻው ላይ «የእናቲቱ መንፈስ፦ ጥሩ፣ ጥሩ ያልሆነ» ይላል። ያችን መስመር ማን እንደጨመራት አላውቅም፤ እንዴት እንደምትጠየቅም ያስተማረኝ የለም። «መንፈስሽ እንዴት ነው?» እላለሁ፤ «ተመስገን» ትላለች፤ «ጥሩ» የሚለውን አከብባለሁ። በዚህ ዓይነት ስንቷን ጥሩ ናት ብዬ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው።

ይህችኛዋ አራስ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ገብታ ነበር። ቤቱ ከጤና ጣቢያው ቁልቁል፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው መንገድ የአንድ ሰዓት ጉዞ ነው። ባሏ ብሔራዊ ውትድርና ዘምቷል። መጀመሪያ የሄድኩት ወንድ ልጅ በወለደች በስምንተኛው ቀን ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብዬ ገባሁ፤ «ማርያም ታኑርሽ» አሉኝ እናቷ። ከዚያ በኋላ የጠየቅሁትን ሁሉ የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው።

«ደም አሁንም ይፈስሻል?»

«ቆሟል ልጄ፣ ተመስገን።»

«ጡትሽንስ ያምሻል?»

«ኧረ ምንም አላላት።»

«የጠየቅሁት እኮ እሷን ነው፣ እማማ።»

«እሷማ አራስ ናት፤ በምን አቅሟ ትናገር?»

አራሷ የበግ ጠጉር ባናዋን እስከ አገጯ ስባ ጣሪያውን ታያለች። የመንፈሷንም ነገር እናቷ መለሱልኝ። አከበብኩና ዳገቴን ወጣሁ።

ሁለተኛ ስሄድ የአራሷ እናት ደጅ ላይ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቁኝ። አራስ ትራስ ሥር ብረት ይደረጋል፤ ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ይባላል። እሳቸውም ቢላዋ አድርገውላት ነበር። «ልጄ፣ ቢላዋውን አልቀበል አለችኝ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማታ አደርግላታለሁ፣ ጠዋት ከመደቡ ሥር ተወርውሮ አገኘዋለሁ።»

እኔን ደስ አለኝ። ያን ሰሞን ጎጂ ልማድን አስተምሩ፣ ሪፖርትም አድርጉ እየተባልን ነበር። እንጥል አታስቆርጡ፣ ለጨቅላ ቅቤ አታልሱ፣ ብረት ከበሽታ አያድንም እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስናገር፣ የሚሰማኝ ጠፍቶ ድንጋይ ላይ ውሃ እንደማፍሰስ ሆኖብኝ ነበር። ይኸው ማንም ሳይነግራት በራሷ ቢላዋ የወረወረች ሴት ተገኘች። «ጎበዝ፣ አንቺ የነቃሽ ሴት ነሽ» አልኳት። ባናውን ፊቷ ላይ ሳበችው። እኔ ዓይን አፋርነት መሰለኝ። ይባስ ብዬ በሴቶች ማህበር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ስሟን ሳልጠቅስ ምሳሌ አደረግኋት። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ማን እንደሆነች ሳያውቁ አልቀሩም። የነሱ ሐሳብ ሌላ ነበር፤ ብረት የሚሸሽ ሰው የለም፣ የሚሸሸው በሰው ላይ ያደረ መንፈስ ነው።

ሦስተኛ ስሄድ ቤቱ የቀጥቃጭ ቤት መስሎ ጠበቀኝ። ትራሷ ሥር ቢላዋ፣ እግርጌዋ ማጭድ፣ ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ማረሻ፣ በሩ አጠገብ ምሳር። እናቲቱ ያላቸውን ብረት ሁሉ ሰብስበው፣ የጎረቤትም ተውሰው፣ ልጃቸውን አጥረዋታል። አራሷ ከስታለች። የቀረበላት ገንፎ ሳይነካ ደርቋል። ሕፃኑ ንጹህ ሆኖ ተጠቅልሎ ከመደቡ ወዲያኛው ጫፍ ተኝቷል፤ እሷ ወዲህኛው ጫፍ ግድግዳውን ተለጥፋለች።

«እማማ፣ ከልጅዎ ጋር ብቻዬን ላውራ፤ እባክዎ ትንሽ ይውጡልኝ» አልኩ።

«አራስ ብቻዋን አትተውም።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

«እንግዲያ ብረት ያዢ» ብለው ማጭዱን እጄ ላይ አኖሩልኝና ወጡ።

እንግዲህ ጎጂ ልማድ አስተማሪዋ ማጭድ ይዤ መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ንዴቴ ጫፍ ደርሷል። በእናቲቱም፣ በዳገቱም፣ በቅጹም ተናድጃለሁ። «መንፈስሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ተመስገን።»

«ተመስገኑን ለቄሱ አስቀምጪለትና ለኔ የሆንሽውን ንገሪኝ» አልኳት፤ እንዲህ ተብሎ አራስ አይጠየቅም። ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

«እሱን አውጪልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«የያዝሽውን።»

«አዎ፣ አውቃለሁ፣ አንቺ በዚህ ልማድ አታምኚም...» ብዬ ትምህርቴን ጀመርኩ።

«ልማዱ አይደለም፣ እታለም» አለችኝ። «ልጄን ሳጠባ ዓይኔ ብረቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ ክፉ ነገር በሐሳቤ ይመጣል። አልፈልገውም፣ ግን ይመጣል። እጄን አላመንኩትም። ለዚህ ነው የምወረውረው። እናቴ መልሳ ታመጣዋለች።»

እጄ ውስጥ ያለው ማጭድ ያን ጊዜ ከበደኝ። ፈራሁ። እሷን ሳይሆን ራሴን ነው የፈራሁት፤ ስለ ነፍስ የጮኸችን ሴት ጎበዝ ብዬ አመስግኜ ሄጄ ነበርና።

«ለእናቴ እንዳትነግሪያት» አለች። «ልጄን ይወስዱብኛል። እኔንም አስረው ጠበል ያስቀምጡኛል።»

እንዴት አልናገርም? እኔ ያለሁት አንድ ሰዓት ዳገት ላይ ነው፤ ሌት ተቀን አጠገቧ ያሉት እናቷ ናቸው። «የሚያስርሽ የለም፤ ልጅሽም ካንቺ አይለይም» አልኳት። በምን ሥልጣኔ እንዳልኩት አላውቅም። ማጭዱን፣ ቢላዋውን፣ ማረሻውን አቅፌ ወጣሁ። እናቲቱ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። አላለባበስኩም፤ እሷ ያለችኝን እንዳለች ነገርኳቸው። ጩኸት ጠብቄ ነበር፤ ደረት ይመታሉ፣ ዘመድ ይጠራሉ ብዬ።

እሳቸው ግን ተነስተው ገቡና ምሳሩን አወጡ። ተመልሰው ገብተው እኔ ያላየሁትን ወስፌ ከጣሪያው ሣር ውስጥ መዘዙ። መቀስም ነበር፣ ከሙዳዩ ሥር። የት የት እንዳለ ሳይፈልጉ ነው የሚያነሱት። ሁሉንም በማዳበሪያ ከረጢት ጨምረው ለጎረቤት ሰጡና መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«እሷን ስወልድ እኔም እንደዚሁ ሆኜ ነበር» አሉ። «አንድ ክረምት ሙሉ ሽንኩርት በቢላዋ አልከተፍኩም።»

«ታዲያ ይህን እያወቁ ለምን ብረት ከመሩባት?» አልኳቸው፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ለኔ ያኔ ያደረጉልኝ አንድ ቢላዋ ብቻ ነበር» አሉኝ። «አንሶኝ ይሆናል ብዬ ነዋ። ከኔ የተላለፈባት መስሎኝ፣ ለሷ እንዳያንሳት ብዬ።»

በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ወሰድናት፤ በጭነት መኪና፣ ሦስታችን ከነሕፃኑ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጣት፤ እንቅልፍ እንዳይጎድልባት፣ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ልጇንም እንዳይለዩባት ነገረን። እናቲቱ አንዷንም ትእዛዝ አላጎደሉም። በየሳምንቱ እየወረድኩ አያት ነበር። አንድ ቀን ይሻላታል፣ አንድ ቀን ይብስባታል፤ እኔም «ጥሩ»ን መክበብ ትቼ በቅጹ ጀርባ መጻፍ ጀመርኩ። ለምን ቅጽ ታበላሺያለሽ ብለው አለቆቼ ተቆጥተውኛል።

ለፋሲካ ጠሩኝ። ዶሮውን የበለተችው እሷ ነበረች፤ ልጁን በጀርባዋ አዝላ፣ ከእናቷ ጋር ስለ ቅመሙ እየተጨቃጨቀች። ስታስቸግራቸው እያየሁ ደስ አለኝ። ከበላን በኋላ እናቲቱ ሊሸኙኝ እስከ ዳገቱ ሥር መጡ። የቆየ ብሶቴን ሳላወጣ መሄድ አልሆነልኝም።

«እማማ፣ በራስዎ ደርሶ እያወቁት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ቅጽ ይዤ ስለፈልፍ ለምን አልነገሩኝም?»

ቆም ብለው አዩኝ፤ ቁጣ የለባቸውም።

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሉ። «ቢላዋውን ትወረውራለች አልኩሽ። አንቺ ጎበዝ ብለሻት ሄድሽ።»