ተኝቷል ያሉት ልብ

ባለቤቴ ሱዳን ውስጥ፣ ከዶካ ወዲያ ባሉት የሰሊጥ እርሻዎች የሠራተኛ አለቃ ነበር። ዋናው ሥራው መቀስቀስ ነው። ጎህ ሳይቀድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በዱላ እየደበደበ አጫጆቹን ያስነሣል። እኔ ከድንኳኑ ሆኜ እስቅበት ነበር፤ ጅቡም ውሻውም አብሮ ይነሣል።

ገዳሪፍ ገብተን እርጅና ሲመጣ ደረቱን ያፍነው ጀመር። ከጓሮ እስከ በር ለመድረስ መሐል ላይ ይቆማል። ልጃችን ሪክሻ የሚሉትን ባጃጅ ጠርታ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሙ ደረቱን ቅባት ቀብቶ በመሣሪያ አየና በዐረብኛ ነገራት። እኔ የማውቀው የገበያውን ዐረብኛ ነው፤ ቢሆንም "ናይም" ሲል ሰማሁ፣ የተኛ ማለቱ ነው።

ልጄ ስትነግረን፣ የልቡ ሥጋ በአንድ ወገን አይንቀሳቀስም አለች። ደም የሚያመጣለት ሥር ስለ ጠበበ፣ በምትደርሰው ጥቂት ደም ነፍሱን ለማቆየት ሥራ ትቶ ተኝቶ ይሆናል። ወይም ሞቶ ይሆናል። ከተኛ፣ ቀደው ሌላ ሥር ቀጥለው ደም ቢያደርሱለት ይነቃል። ከሞተ አይመለስም። ይኸን የሚለየው መሣሪያ ግን ካርቱም ነው ያለው።

ባለቤቴ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ "ከተኛማ ለእኔ ተዉት" አለ። ልጄ ስትተረጉምለት ሐኪሙም ሳቀ።

እኔም ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለስደተኛ ካርቱም ለመሄድ ተስሪህ፣ የመንገድ ፈቃድ፣ ያስፈልጋል። ልጄ ወደ ቢሮው ትመላለሳለች፣ ነገ ነይ ይሏታል። እሱ ደግሞ ጧት ጧት ተነሥቶ ግቢውን በፍጥነት መዞር ያዘ። ልቡን መቀስቀሱ ነው።

"አባየ፣ የሚነቃው በደም ነው፤ ድካም ይብስብሃል" ትለዋለች።

"እኔ ስንቱን ሰነፍ አስነሥቻለሁ" ይላታል።

ላብ ሲያጠምቀው፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ውኃ ይዤ ከኋላ ከኋላው እሄዳለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? እሱን ማስቀመጥ አልቻልሁ፣ ፈቃዱን ማምጣት አልቻልሁ።

አንድ ረፋድ ላይ መሐል ግቢ ቆመና ደጅ ከወጣው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

"አንቺ፣ እርሻው ላይ አንዱን ልጅ ስቀሰቅሰው አልነሣም አለኝ" አለ። "ቆርቆሮውን ጆሮው ሥር ደበደብሁት። ሰደብሁት። ለካ ሞቶ ነው ያደረው። ሲያዩት እኮ አይለይም።"

አብረን ስንኖር ይኸን ነግሮኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ግቢውን መዞር ተወ። እጄን ወስዶ ደረቱ ላይ ያደርግና፣ "ነቃ?" ይለኛል።

"ያንጎላቻል" እለዋለሁ። ከመዳፌ ሥር የሚመታው የትኛው ወገን እንደሆነ እኔ በምን አውቄ።

ፈቃዱ ሳይወጣ ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ገና ሳያባራ እሱን ቀበርነው።

ልጄ አሁንም ስታጽናናኝ፣ "ልቡ ሞቶ ነበር እማየ፣ ካርቱም ብናደርሰውም ያው ነበር" ትለኛለች። ቢሮው ደጃፍ የቆመችው እሷ ናትና፣ "አዎ ልጄ፣ ሞቶ ነበር" እላታለሁ።