ለጅዳ የቀዳሁት ካሴት

ባለቤቴ ሰው ቤት ልትሠራ ጅዳ የሄደች ጊዜ፣ እኔ ከሚሴ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ፊደል ነው የማስቆጥረው። ያኔ ስልክ እንደ ልብ አይገኝም፤ የምንገናኘው በካሴት ነበር። እሷ ድምጿን ቀድታ ወደ ሀገር ለሚመለስ ሰው ትሰጣለች፤ እኔ ሰምቼ እዚያው ላይ የራሴን እቀዳና ለሚሄድ ሰው እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ላይ በኦሮምኛችን «አካም ጂርታ!» ብላ ደኅንነቴን ስትጠይቅ ብቻ ቤቱ ይሞላልኝ ነበር። ላሟ ወለደች ወይ? ቦርከና ወንዝ ዘንድሮ ሞልቶ የነአባዬን ማሽላ ነካው ወይ? አንተስ ምን እየበላህ ነው? ትለኛለች። እየቆየች ግን ዓረብኛ ጣል ጣል ማድረግ ጀመረች። እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ ቀናሁ። እሷ ባሕር ተሻግራ አዲስ ቋንቋ ትናገራለች፤ እኔ እዚያው ሀ ሁ ላይ ነኝ።

ስለዚህ የሳይንሱ አስተማሪ መምህራን ማረፊያ ውስጥ የሚናገራቸውን ቃላት ለቀም ለቀም አደርግ ጀመር። «የምግብ ፍላጎቴ በሜታቦሊዝም ምክንያት ቀንሷል» ብዬ ቀዳሁላት። እውነቱ ብቻዬን መብላት አቅቶኝ ነው። ስለ ላሟ ስትጠይቀኝ ስለ ክሮሞዞም አወራኋት። ክሮሞዞም ምን እንደሆነ ወላሂ ዛሬም በቅጡ አላውቅም!

ኮንትራቷ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አንድ ካሴት መጣ። «እመቤቲቱ ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው» አለች። «ልምጣ ወይስ ልቆይ? ከአፍህ ልስማው።»

ዓርብ ቀን ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ጁምዓ ሄዷል፣ ግቢው ጭር ብሏል። በሬን ዘግቼ ቴፑ ፊት ተቀመጥኩ። ሆዴ ነይ፣ ነይ ይላል። ብቸኝነቱ ጨርሶኛል፤ ከሰው ቤት ስመለስ በራሴ ቤት እንግዳ እየሆንኩ ነበር። ግን ነይ ማለት ልመና መሰለኝ። ወንድ ነኛ! የተማርኩ ነኛ! ጉሮሮዬን ጠራረግኩና «የሰው ልጅ ፍልሰት የኦስሞሲስ ጉዳይ ነው» ብዬ ጀመርኩ። «ኢኩሊብሪየሙ ሲጠበቅ ውሳኔው በራሱ ይመጣል።» የካሴቱን አንድ ገጽ ሙሉ እንዲህ ቀባጠርኩ። ከዚያም ደስ ብሎኝ ካሴቱን ወደ ጅዳ ለምትሄድ አንዲት የባቲ ሴት ሰጠኋት።

መልሷ አጭር ነበር። «ያልከውን ደጋግሜ ሰማሁት፤ አልገባኝም። እዚህ ያሉትን የሀገሬን ልጆች ብጠይቅ እነሱም አላወቁትም። አንዷ አትምጪ ማለቱ ነው አለችኝ። እሺ፣ ጨምሬያለሁ።»

በድንጋጤ ቴፑን ሳላጠፋው ቀረሁ። እሷ ያልቀዳችበት ቦታ ላይ የራሴ ድምፅ ወጣ። ስለ ኢኩሊብሪየም ይደሰኩራል። ኧረ ይሄ ሰውዬ ማነው? ማንም ሳያየኝ፣ በገዛ ቤቴ ውስጥ፣ አፈርኩ።

ሰኞ የሳይንሱን አስተማሪ ኦስሞሲስ ምንድን ነው አልኩት።

«ውሃ በስስ ሽፋን በኩል ሲያልፍ ነው» አለኝ። «ምነው፣ ለምን ፈለግከው?»

ለተማሪ ነው ብዬ ዋሸሁት።

ነይ የምትል ካሴት ከዚያ በኋላ ልኬላታለሁ። ግን ፊርማዋን አኑራለች፤ ልቧም ቀዝቅዟል። ሁለቱ ዓመት አራት ሆነ፣ ካሴቱም እየራቀ ሄዶ ቀረ። በመጨረሻ የመጣችው ፍቺያችንን ልትጨርስ ነው። ከሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ወጥተን ደጁ ላይ ስንቆም ወንድሟን ትንሽ ጠብቀኝ አለችው። ቂም የለባትም፤ እንደ ድሮው ቀስ ብላ ነው ያናገረችኝ።

«ያን ጊዜ ልምጣ ወይ ብዬ ስጠይቅህ ሻንጣዬን አስሬ ነበር» አለችኝ። «ነይ ያልክበትን ቦታ ስፈልግ ካሴቱ አለቀ።»