የአይብ ግዝት

ሰው ሁሉ ፋሲካ ሲቀርብ ፊቱ ይፈታል፤ የኔ ይቋጠራል። እኔ የምስቀው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ቅቤ አይነጠር፣ እንቁላል አይሰበር፣ አይብ አይወጣ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ስለማይጾም ወተት ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን እናቶች ለየራሳቸው ልጅ ይሰፍሩታል እንጂ ለሰው ልጅ አይቸሩትም። ሚስቴ፣ ጾም ሲያዝ የሚፈነድቅ ኃጢአተኛ ካንተ ሌላ አላየሁም ትለኛለች። ትበል።

ምክንያቱ ልጄ ናት፤ ከሦስት ወንዶች በኋላ የመጣች የመጨረሻዋ። ወተትና እንቁላል አይስማሟትም። አይስማሟትም ስል ሆዷን ይቆርጧታል ማለቴ አይደለም፤ ይገድሏታል። ወተት ስል ደግሞ ቅቤውንም፣ አይቡንም፣ አሬራውንም፣ አጓቱንም ማለቴ ነው። መንዝ ተወልዶ ይህን ሁሉ እምቢ ማለት፣ መንዝ ተወልዶ ብርድ አልችልም እንደማለት ነው። ማለቱን ትላለህ፤ ግን የት ትደርሳለህ?

ነገሩን ያየነው የስድስት ወር ልጅ ሳለች ነው። እናቷ የላም ወተት በማንኪያ ጫፍ ብታቀምሳት ከንፈሯ አብጦ አፍንጫዋን ሊነካ ደረሰ፤ ገላዋ ሳማ እንደለበለበው በየቦታው ቀላ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ቡዳ ነው አለች፣ ሌላዋ ምች ነው አለች። ጠበል ወሰድናት፣ ዳማ ከሴ ጨምቀን አጠጣናት። ክፋቱ፣ ከየመድኃኒቱ በኋላ ልጅቱ ትጠገን ተብሎ ወተት ይሰጣታል። እንደገና ታብጣለች። ቡዳው ተመለሰ ይባላል። እኔም በሰው ወሬ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጋር በከንቱ ተጣላሁ። ኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ይቅር ብላኛለች፤ ማሰሮ ግን እስከ ዛሬ ከሌላው ሰው ዋጋ አስበልጣ ነው የምትሸጥልኝ። እውነቷን ነው።

በመጨረሻ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው። ጠየቀ፣ መረመረ፣ አለርጂ ነው አለኝ። መድኃኒቱ ምንድን ነው አልኩት። አለመብላት ነው አለ። ተናደድኩ። አለመብላትን እኛ ከአያት ከቅድመ አያት የምናውቀውን፣ እሱን ለመስማት ነው እንዴ በግ ሸጬ የመጣሁት? እሱ ግን ሳይቆጣ፣ ካደገች ሊተዋት ይችላል፣ እስከዚያ ግን ከእነዚህ አንዱንም እንዳትቀምስ፣ ከቀመሰች ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ ብሎ በአማርኛ በወረቀት ጻፈልኝ።

ወረቀቱን ይዤ መጣሁ። ማንበብ አልችልም። ልጄን ከሞት የሚያድን ነገር ኪሴ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ እያወጣሁ እንደ በግ አየዋለሁ። ሚስቴም እንደኔው ናት። ልጆቼ ያኔ ገና ፊደል አልጨረሱም። ዲያቆን ፍለጋ፣ የቀበሌ ሠራተኛ ፍለጋ ደጅ ስጠና ሰነበትኩና፣ የጎልማሶች ትምህርት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሰጣል ሲሉ ገባሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። በልጆች ወንበር ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተቀመጥኩ። አስተማሪዋ በዕድሜ ከበቅሎዬ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት። ጎበዝ እያለች ታጨበጭብልኛለች። ስድብ ነበር የሚመስለኝ። ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ያንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የተጣጠፈበት ቦታ ተበልቶ ግማሹ ጠፍቷል፤ ቢሆንም በቃሌ አውቀዋለሁ።

አሁን አበልጄን ላምጣቸው። ልጄን ክርስትና ያነሱልኝ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞቷል፤ ሁለት ላም አላቸው፤ በመንደሩ ከቄሱ ቀጥሎ የሚፈሩ ናቸው። ቄሱም ይፈሯቸዋል። እናቱ ጡቷ የደረቀባት ሕፃን ሁሉ በእሳቸው ላም ነው ያደገው፤ ዛሬ ጢም ያበቀለውን ጎረምሳ አስቁመው፣ ይህ አጥንት የማን ይመስልሃል ይሉታል። እንዲህ ያሉ ሴት የክርስትና ልጃቸው ወተታቸውን አትቀምስም ሲባሉ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። አራት ዓመት ሙሉ ነገርኳቸው። ለመንደሩም ነገርኩ። ሰው ሲሰማኝ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ዞር ስል፣ ይኼ ስስታም የገዛ ልጁን ወተት ነሣ ይላል።

እንግዲህ በአፍ ካልሆነ በጽሑፍ ይሁን አልኩ። ከሳሙና ካርቶን ቁራጭ ቀደድኩና በገዛ እጄ፣ ያውም በትልልቁ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል አትስጧት። ትሞታለች። አባቷ። በሕይወቴ ለሰው እንዲነበብ ብዬ የጻፍኩት የመጀመሪያው ነገር ነው። ከማተቧ ጋር አሰርኩላት። በነጋታው ጉም ወረደና ቀለሙ በደረቷ ላይ ፈሰሰ። ደግሜ ጻፍኩ። ሚስቴ ብልህ ናት፤ በላስቲክ ጠቀለለችውና ከበግ ሌጦ ትንሽ ከረጢት ሰፍታ፣ አፉን በክር አስራ፣ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችላት። ያማረ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ወረደ። ሰው ልጄን ሲያይ ዓይኑ አንገቷ ላይ ይቆማል። አንዳንዷ ሴት ከረጢቱን ተሳልማ ታልፋለች። እኔ ሞኙ፣ መማር በአገሩ ተስፋፋ ብዬ ደስ አለኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ልጄ በጠዋት ቀሚሷን ለብሳ ወደ ክርስትና እናቷ ሄደች፤ ደንብ ነው። እኔና እናቷ በጉን አርደን፣ ሥጋውን ሰቅለን፣ ረፋዱ ላይ እንኳን አደረሰዎ ልንል ተከተልን። ስንገባ ልጅቱ አበልጄ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ሳህን አለ። ሳህኑ ላይ አይብ ነበረ፤ ግማሹ የለም። አበልጄ ፊታቸው እንደ ሙሽራ እናት ያበራል።

ምን አበሏት አልኩ። 

«አይብ ነዋ። ምን ላብላት ኖሯል፣ ጠጠር?»

«አበልጄ፣ አራት ዓመት ሙሉ አልነገርኩዎትም?»

«ክታብ አሠራህላት አይደል? ይኸው አየሁት፣ ቡዳው ለቀቃት። ደግ አደረግህ። ደብተራው ማን ነው?»

እዚህ ላይ ነው የገባኝ። በእኛ አገር በሌጦ የተሰፋ ነገር አንገት ላይ ከታየ ክታብ ነው፤ ክታብ ደግሞ አይከፈትም። የከፈተው ያብዳል ይባላል። በሁለት ወር ውስጥ አንድም ሰው ያቺን ከረጢት ከፍቶ አላያትም። እኔ አትስጧት ብዬ የጻፍኩት፣ ለሰዉ ከእንግዲህ አትፍሩ፣ ስጧት ሆነለት።

ልጄ ሳል ጀመራት። ከንፈሯ ሲያብጥ አየሁት። ትንፋሿ እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ይጮኻል። መኪና የለም፤ በፋሲካ ቀን ሹፌር ሁሉ ዶሮው ፊት ተቀምጧል። ደጅ ያሰርኳትን በቅሎዬን ጫንኩና ልጄን ታቅፌ ወጣሁ። አበልጄ ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው የበቅሎዋን ልጓም ከእጄ ነጠቁኝ። ስድሳን ያለፉ ሴት ናቸው። ያንን ቁልቁለትና ዳገት ከበቅሎዋ ፊት እየሮጡ፣ በአንድ አፋቸው እመቤታችንን ይለምናሉ፣ በዚያው አፋቸው እኔንና በቅሎዋን ይሰድባሉ። ሚስቴ ከኋላ እያለቀሰች ትመጣለች። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ይለናል። ማንም አልመለሰለትም።

ጤና ጣቢያው ተረኛ ነርስ ነበረችበት፤ እግዜር ይስጣት። ጭኗ ላይ መርፌ ወጋቻት፤ ጥቂት ቆይታ ሌላ ደገመቻት። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። ያ ወናፍ ቀስ በቀስ ዝም አለ። ልጄ ዓይኗን ገለጠችና እናቷን ውኃ ጠየቀቻት። ነርሷ እዚሁ አድራ ትታያለች አለችን።

ከዚያ ነርሷ የልጅቱን ደረት በማዳመጫ ልታዳምጥ ከረጢቱን ወደ ጎን ብታደርገው ካርቶኑ ቆረቆራት። ክሩን ፈታች። አበልጄ እንዳትከፍችው፣ ታብጃለሽ ብለው ተነሡ። ነርሷ አወጣችውና ጮክ ብላ አነበበችው። አባቷ እስከሚለው ድረስ።

አበልጄ ዞረው አዩኝ።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔ የደብተራ መስሎኝ! ምነው ይኼን በአፍህ አትናገርም?»

«በአፌ አልተናገርኩም እንዴ? ስንት ጊዜ?»

«በአፍህማ ስንቱን ትናገራለህ? ዝናቡን ትሰድባለህ፣ ቄሱን ትሰድባለህ፣ ቀበሌውን ትሰድባለህ፣ የኔን ጠላ ሳይቀር ቀጠነ ብለህ ትሰድባለህ፤ ጠጥተህ ስታበቃ። አንተ የምታማው ሁሉ የሚገድል ቢሆን መንዝ ባዶውን በቀረ። ወተቱን ለይቼ በምን ልወቅ?»

ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ትስቃለች። ሚስቴም ልጇን እንዳቀፈች፣ ዕንባዋ ሳይደርቅ፣ ሳቀች። እኔ ግን ሌሊቱን ሁሉ ያቺ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣችም። እኔ ክፉ ተናጋሪ እንደሆንኩ አውቃለሁ፤ እንደ ጠባይ እንጂ እንደ አደጋ አስቤው አላውቅም ነበር። ወላጅ ሆነህ፣ ልጅህ በአንተ ቃል የምትኖር ሆና፣ ቃልህን ማንም ካልሰማው ምን ታደርጋለህ? የሚሰማ ቃል ያለው ሰው ትፈልጋለህ።

ስለዚህ ወደ ቄሱ ሄድኩ። ከቄሱ ጋር ስንኳረፍ ዓመት አልፎን ነበር፤ ስብከትዎ ከአዝመራው ይረዝማል ብያቸው ነው። ቆብ አውልቄ ቆምኩ። ወተትና እንቁላል በልጄ ላይ ይገዝቱልኝ አልኳቸው። ግዝት ለደም ነው፣ ለድንበር ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፤ ለአይብ ግዝት ሰምቼ አላውቅም አሉ። ነገ አንዱ ሽሮ አልስማማ አለኝ ብሎ ቢመጣ ምን ልለው ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን አልገዝትም ነበር። ግን ሳላውቅ አበልጄ ከኋላዬ መጥተው ኖሯል።

«አባ፣ ከኔ ይጀምሩ» አሉ። «እኔን ይገዝቱኝ። እጄን አላምነውም። ሃምሳ ዓመት ልጅ ባየ ቁጥር የወተት ጮጮ ሲያነሣ ኖሯል፤ ነገ ይረሳና ያነሣል። ግዝት ካለበት ግን ይንቀጠቀጣል።»

ቄሱ ከእኔ ጋር ሊከራከሩ ይችላሉ። ከአበልጄ ጋር አይችሉም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ቄሱ መስቀሉን አንሥተው፣ ለዚህች ሕፃን ወተትና የወተት ዘር፣ እንቁላልም እንዳትሰጡ በሥላሴ ስም ገዝቻለሁ አሉ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ቀጥሎ ፍርሃት መጣ። ከዚያ ጥያቄ ተነሣ። አንዱ፣ አጓትስ የወተት ዘር ነው ወይስ ውኃ ነው አለ። አንዷ፣ እኔ ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ልጅቱን ብስማትስ አለች። ሌላው፣ ዶሮዋ ራሷስ፣ ከእንቁላል አይደለም ወይ የወጣችው ብሎ ሕዝቡን አስጨነቀ። ቄሱ ወደኔ ዞሩና፣ አንተ መልስ፣ ሐኪሙን ያየኸው አንተ ነህ አሉ። መለስኩ። አጓት ክልክል ነው፤ ቅቤ የተቀባች ራቅ ትበል፤ የዶሮ ሥጋ ምንም አይላት፣ ወጡ ግን ቅቤ እንዳይነካው። ማንንም ሳልሰድብ ነው የተናገርኩት። ከባድ ነበር። ሰው ግን ጸጥ ብሎ ሰማኝ፤ እንዲህ ተሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ መከራው ሌላ ሆነ። ልጄ ሰፈር ስትወጣ ሴቶች ግብር ሰብሳቢ እንደመጣባቸው ጮጮና የወተት ቅል ይሸሽጉባታል። ከመሐል ሜዳ ከተማ ዳቦ ገዝቼ ስመጣ ሦስት ሴቶች ደጄ ላይ ያስቆሙኛል፤ ማን ጋገረው፣ በምን ለወሰው፣ ጠይቀሃል ወይ? እኔ አባቷን። ልጅቱም አወቀችበት። ትልልቆቹ ልጆች መንገድ ሲዘጉባት፣ እነካችኋለሁ ትላቸዋለች፤ እሷን መንካት የተገዘተ መስሏቸው ይበተናሉ። ውሸት ነው ብዬ ላርማት አስቤ ተውኩት።

ዘንድሮ ፋሲካ አበልጄ ቤት ነበርን። ለልጄ ብቻዋን በአዲስ ድስት የበግ ሥጋ በላቱ ስብ ጠብሰውላታል፤ ቅቤ በዚያ ቀን ከቤታቸው ወጥቶ ጎረቤት አድሯል። እጃቸውን በሳሙና ሦስት ጊዜ ሲታጠቡ ቆጠርኩ። ልጄ አንድ ጉርሻ በበላች ቁጥር አገጯን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ያዞሯታል፤ ገበያ ላይ የበግ ጥርስ እንደሚያይ ነጋዴ ከንፈሯን ገልብጠው ያያሉ፣ ጆሯቸውን ደረቷ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፣ ይለቋታል። ትጎርሳለች፤ እንደገና ይይዟታል። በአራተኛው ላይ እኔ፣ አበልጄ፣ ልጅቱ ትብላ እንጂ ልል አፌን ከፈትኩ። ሚስቴ በእግሯ መታችኝ።

ልጄ ግን አገጯን ከእጃቸው ነጠቀች።

«አልሞትኩም እኮ፣ እማማ። ልብላበት።»

አበልጄ እሷን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አፏማ ያንተ ነው» አሉ። «ትብላ፣ አይገድላትም።»

ሳህኑን ወደሷ ገፉላት።