በእኔ አፍ የወጣው ቃል

ለጥናት ቡድን መጀመሪያ የተቀጠርኩ ቀን ሥራዬን «መንገድ መሪ» አሉት። ከሰቆጣ ተነስተን ወደ ፃግብጂ ሄድን። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ አማርኛና የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣናን ግን እኩል እናገራለሁ። አጥኚዎቹ በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ገበሬው በኽምጣና ይመልሳል፣ መሃል ላይ እኔ አለሁ። ስንመለስ ሱፐርቫይዘሩን «መንገዱንማ ፍየሎቹም ያውቁታል። እኔ ሳስተረጉም ነው የዋልኩት» አልኩት። ሳቀ። በማግስቱ «አስተርጓሚ» ብሎ አስመዘገበኝ።

ያኔ መጠይቁ በወረቀት ነበር፤ የሚፈልገውም ቁጥር ብቻ ነው። አንዷ እናት ልጇ ለምን ከትምህርት እንደቀረ ማውራት ስትጀምር መረጃ ሰብሳቢው «እማማ፣ ለእሱ መጠይቁ ላይ ቦታ የለም» አለኝ።

«ጠይቀህ ስታበቃ አፏን እኔ ልዝጋልህ?» አልኩት።

ከዓመታት በኋላ ታብሌት መጣ። ከታብሌቱ ጋር ዶክተር ሰላም መጣች፤ ወጣት ናት፣ ሰው ታከብራለች። የእሷ ሥራ ቅይጥ ዘዴ ይባላል። «ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ይነግረናል፤ ጨዋታው ደግሞ ለምን እንደሆነ» አለችኝ። «ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣለን እማማ። ሳይስማሙ ሲቀሩ አንዱን አንጥልም፤ እዚያው ላይ ቆመን እንመረምራለን።» በዚህ ሥራ ከሰማሁት ሁሉ ፍትሕ ያለበት ነገር እሱ ነበር። ወደድኳት።

ዝናብ በቀረበት ዓመት እዚያው የእኛው ዝቋላ ወረዳ ውስጥ አንድ ቀበሌ ገባን። ማሽላው በቁሙ ደርቋል። ጥናቱ የሚቀርበው ቀበሌው እርዳታ ማግኘቱን ይቀጥል ወይስ ይቁም ብለው ለሚወስኑ ሰዎች ነበር።

በእኛ አገር ደጃፍ ላይ ለቆመ እንግዳ «ቤቴ ባዶ ነው» አይባልም። ነውር ነው። «ትናንት ስንት ጊዜ በላችሁ?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ጠግበን አደርን» ይላሉ። መረጃ ሰብሳቢው ታብሌቱን ይነካል፤ አለቀ፣ ወደሚቀጥለው ቤት።

ሰላም ይህን አላጣችውም። ለዚህም ሴቶቹን ግራር ሥር ሰብስባ የቡድን ውይይት ከፈተች። እዚያም «ተመስገን» አሉ። በመጨረሻ ዝማም የምትባል የልጆች እናት «ከተናገርኩ ነገ ለማኝ የሚለኝ የገዛ ጎረቤቴ ነው። ብናገር ምን ይሆንልኛል?» አለች።

«ቃልሽ ከቁጥሩ እኩል ይታያል ብለው ይንገሩልኝ» አለች ሰላም። ነገርኳት።

ዝማም ሰላምን አላየቻትም። የምታየው እኔን ነው። «ያሉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። እኛ ዘንድ በቃል የሚጠየቀው ቃሉን ጆሮ ያደረሰው ሰው ነው።

ከዚያ ተናገረች። የዘር ማሽላው ተበልቷል። ትልቋ ልጇ ሰቆጣ ሰው ቤት ገብታለች። ትንንሾቹን ራት እንዳይጠይቁ በጊዜ ታስተኛቸዋለች። እሷ ስትጀምር ሌሎቹም ተከተሉ።

ሰላም የያዘችው ድምፅ መቅረጫ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር አዲስ ፕሮግራም ነበረው። አማርኛ እንጂ ኽምጣና አያውቅም። የሴቶቹን ድምፅ ዘሎ የእኔን ብቻ ጻፈ።

ውጤቱ ሰቆጣ አዳራሽ ውስጥ ቀረበ። በግራ ቁጥሩ፣ በቀኝ የሴቶቹ ቃል። ሰላም ሁለቱ ለምን እንዳልተስማሙ፣ የትኛው ለምን እንደሚታመን በደንብ አስረዳች። የወሳኞቹን ስብሰባ የሚመራው ሰው ሰዓቱን እያየ «ይሄ በቀኝ ያለው ስሜት ነው። በስሜት አይወሰንም» አለ።

ብድግ አልኩ። «ጌታው፣ ቁጥሩም እኮ ከእነዚያው ሴቶች አፍ የወጣ ነው። አንዱ ታምኖ አንዱ የሚናቀው ለምንድን ነው?»

«እማማ፣ ይቀመጡ። ሻይ ይምጣልዎ።»

ሻዩ መጣ። ቀበሌው ከእርዳታው ወጣ።

ሰላም አለቀሰች። ውጤቱን ለተናገሩት ሰዎች መልሶ መንገር የዘዴው ክፍል እንደሆነ፣ ግን መኪናው ወደ አዲስ አበባ መመለስ እንዳለበት ነገረችኝ። እሷ ሄደች። እኔ ወደ ዝቋላ በእግሬ ወረድኩ።

ዝማም ፍየል ለገበያ ልትነዳ ስትል አገኘኋት።

«ቁጥሩ ምን አለ?»

«ጠግበዋል አለ።»

«እኛ ያልነውስ?»

«ተነበበ።»

«ተነቦስ?»

«ተነቦ ቀረ።»

የፍየሏን ገመድ እጇ ላይ ጠመጠመች። «ጎረቤቶቼ ገበናችንን አውጥታ ምንም ሳታመጣ ቀረች ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ከእንግዲህ ያንን አፍዎን እዚህ ሰፈር አያምጡብን።»

እሺ ብዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ቡድን ሄዶ ነበር። ሴቶቹን ጠሯቸው፤ የመጣች የለችም። የቡድኑ ሰዎች «እዚያ ሴቶች አይናገሩም፣ ባህላቸው ነው» ሲሉ ሰማሁ። ባህላቸው አይደለም። ተናግረው ነበር።

ማስተርጎም ለምትጀምሩ ልጆች የምለው ይህን ነው። ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ ሳትጠይቁ «ቃልሽ ይታያል» የሚለውን አትተርጉሙ።