የአማቴ ካሴት እና የእኔ ቺንጋ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። መጀመሪያ እኔ፤ ከመጋዘን ሥራ ጡረታ የወጣሁ፣ ቴፕ መጠገንን ማንም ሳያስተምረኝ እየፈታሁና እያበላሸሁ የተማርኩ ሰው። ቀጥላ ባለቤቴ፤ የሲዳማ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል አብራኝ የኖረች። ከዚያ ሴት ልጃችን፤ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ እንኳ ምላሷን ያልሰበሰበች። በመጨረሻ በከተማችን ፒያሳ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቴፕና ሬዲዮ የሚጠግነው ሰውዬ፤ የባለቤቴ የአገሯ ልጅ። አማቴን፣ የባለቤቴን አባት፣ አልቆጠርኳቸውም፤ ከሞቱ ቆይተዋል። የቀረን ድምፃቸው ነው፣ ያውም በአንድ ካሴት ላይ።

አማቴ ወንጌላዊ ነበሩ። በሞቱበት ዓመት ገጠር ቤታቸው ተቀምጠው ራሳቸው የደረሷቸውን መዝሙሮች በቋንቋቸው፣ በሲዳሙ አፎ፣ ቀዱ። ከመዝሙሮቹ በፊት ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ መርቀዋል። ካሴቱ ቅጂ የለውም። ቴፓቸውም ለባለቤቴ ደርሷት ነበር፤ ግን መንገጫገጭ ሲጀምር ክሩን እንዳይበላባት ፈርታ ካሴቱን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ዘንድሮ ልጃችን፣ «አጎቶቼ እሁድ ሲመጡ ወደ ስልክ እንገልብጠው፤ ሁሉም ይያዘው» አለች። ደስ አለኝ። ቴፑን ከእኔ ሌላ ማን ሊጠግነው ነው?

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል ገበያ፣ ዓሣ ይዤ ስመለስ ቴፑ ከመደርደሪያው ላይ የለም።

«እማዬ ፒያሳ ወስዳዋለች» አለችኝ ልጄ።

«ለምን?»

«አባዬ፣ አንተ ቴፕ ስትፈታ ስብከቱም አብሮ ይፈታል። ሰው ዕቃ እንዴት እንደሚይዝ፣ የዛሬ ልጅ እንዴት ሰነፍ እንደሆነ… እማዬ የፈለገችው ቴፑ ብቻ እንዲሠራላት ነው።»

ዓሣውን አስቀምጬ ባጃጅ ያዝኩ።

ሱቁ በር ላይ ስደርስ ሳቃቸውን ሰማሁ። ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሰውዬው ካሴቱን ዝግ ባለ ድምፅ ከፍቶ፣ በሞተሩ ጀርባ ባለችው ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብቶ ፍጥነቱን እያስተካከለ በቋንቋቸው አንድ ነገር ይጠይቃታል፤ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እንደገና ያዞራል። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ኖሬ ከቋንቋዋ የማውቀው ሰላምታና የምግብ ስም ነው። ከእኔ ጋር እንዲያ የሳቀችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከርኩና ተውኩት።

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ» አለ ብድግ ብሎ። «እርስዎ እያሉ እኔ ጋ መምጣትማ ድፍረት ነው።»

«ማነው ደፋሩ? አንተ ነህ እሷ?»

«ቴፑ ነው» አለች ባለቤቴ፤ ሁለቱም እንደገና ሳቁ።

ዋጋው ስንት ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ከአገሬ ልጅማ አልቀበልም» አለ። ይህም ወጋኝ።

ቤት ገብተን ካሴቱን ስታስገባ የአማቴ ድምፅ፣ ወፍራምና ረጋ ያለ፣ ሳሎኑን ሞላው። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። እውነቱን ልናገር፤ ደስታዋን እያየሁ ደስ አላለኝም። ደስታውን የሰጣት የሌላ ሰው እጅ ነበር። ወደ ማድ ቤት ስትሄድ ቶሎ ብዬ የራሴን መሞከሪያ ካሴት አስገባሁ። ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ተጎተተ።

«ይኸውልሽ! የአገርሽ ልጅ ፍጥነቱን ገድሎታል!»

«አትንካው» አለች ከማድ ቤት። «እንደዚህ አድርግልኝ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ለእሱ የተከራከረችለት መሰለኝ። ለምን እንደዚያ እንዳለችው አልጠየቅኋትም። የሚቀና ሰው አይጠይቅም፤ ማስረጃ ይሰበስባል።

ቅዳሜ ከሰዓት እናትና ልጅ ለእሁዱ ግብዣ ገበያ ወጡ። ቴፑን ፈታሁት። ፍጥነቱን በራሴ ካሴት አስተካከልኩ። ያ ሰው ያስገባውን ቺንጋ፣ ሞተሩ ጎማዎቹን የሚያዞርበትን ቀጭን ላስቲክ ማለቴ ነው፣ ጠብቋል ብዬ አወጣሁትና ከራሴ ቆርቆሮ አንድ መርጬ ተካሁ። እውነቱ ግን እጁ የነካው ነገር ውስጡ እንዲቀር አለመፈለጌ ነው። የራሴን ካሴት ሞከርኩ፤ ጥርት ብሎ ዘፈነ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ለሰው ሁሉ የምናገረው ሕግ አለኝ፤ የተጠገነ ቴፕ ደህና አድርጎ ሳይሞቅ የሰው ካሴት አይገባበትም። ነገር ግን ከገበያ ሲመለሱ አማቴ በእኔ ጥገና እየዘመሩ እንዲቀበሏቸው ፈለግሁ። ካሴታቸውን አስገባሁ።

የአማቴ ድምፅ የሕፃን ልጅ ሆነ፤ ቀጭን፣ የተቻኮለ። ግራ ተጋብቼ ሳዳምጥ ድምፁ ታፈነ፣ ተንጫጫ፣ ቆመ። ስከፍተው ክሩ ከካሴቱ ወጥቶ ጎማው ላይ ተጠምጥሟል። የእኔ ቺንጋ ሲሞቅ ላልቶ ነበር፤ ክሩን የሚጠቀልለው ጎማ ደክሞ ሲቆም የሚገፋው ግን አልቆመም።

ሲገቡ ክሩን በጣቴ እያላቀቅሁ ነበር። ባለቤቴ ዘንቢሏን እንደያዘች ቆመች።

«በላው?»

«በላው።»

«አባዬ!» ብላ ልጄ ጮኸች፤ እናቷ በእጇ ዝም አሰኘቻት።

«አባቴ ሲቀዳ የቴፑ ባትሪ ድንጋይ አልቆ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያኔ ታሞ ልጠይቀው ሄጄ አብሬው ነበርኩ። በአካባቢው አዲስ ድንጋይ የሚሸጥ የለም። ያለቀውን ፀሐይ ላይ አስጥቼ ሲሞቅ እመልስለት ነበር። ቴፑ እየተጎተተ ነው የቀዳው፤ ስለዚህ ደህና ቴፕ ላይ ሲገባ የልጅ ድምፅ ይሆናል። የፒያሳው ልጅ፣ ‹አባትሽ እንዲህ ነበሩ?› እያለ እየጠየቀኝ ነው ቀስ ያደረገው።»

ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያላሰጣ የእኔ ዘመን ሰው የለም። እኔም አስጥቻለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅኸኝ?»

ባጃጅ ይዘን ሱቁ ሳይዘጋ ደረስን። ሰውዬው ክሩን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አየ። የተበጣጠሰውን ቆርጦ ጫፉን ከጫፍ በቀጭን ፕላስተር አያያዘ፤ ሌላ ቺንጋ አስገባ፤ ፍጥነቱንም ባለቤቴ «በቃ» እስክትለው ድረስ ቀነሰ። አልሳቀብኝም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። የእኔን ቺንጋ በጣቱ ለጠጥ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ለሌላ ቴፕ ይሆናል፤ አይጣሉት» አለኝ። በዚህኛው ጊዜ ካልተቀበልክ አልወጣም ብዬ አራት መቶ ብር ሰጠሁት።

እሁድ ወንድሞቿ መጡ። ልጄ ስልኳን ቴፑ ፊት አስቀመጠች። አማቴ ልጆቻቸውን መጥራት ጀመሩ፤ የበኩሩን ስም፣ የተከታዩን፣ የሦስተኛውን፣ በየመሐሉ ምርቃት። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎም መዝሙር። የመጨረሻዋ ልጅ ባለቤቴ ናት። ቋንቋውን ባላውቅም ምን እንደጎደለ ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

«ያንቺስ?» አላት ታላቅ ወንድሟ።

«የኔን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ» አለችው። ወደ እኔ አላየችም።

ልጄ ይህን ስለምታነበው ሳላሳምር ልጻፍላት። ቅናት ለሚስት መቆርቆር ይመስላል፤ ለሙያ መጨነቅም ይመስላል። ሁለቱም ግን አይደለም። ቅናቴ ያስከፈለው ሂሳብ ይኸው ነው፤ እኔን አራት መቶ ብርና የባጃጅ መቶ ሃያ። የፒያሳውን ሰውዬ፣ ቤተሰቡ እየጠበቀው፣ የቅዳሜ ምሽቱን። ልጃችንን በአያቷ አፍ የተጠራውን የእናቷን ስም ወደፊት ለምትወልዳቸው ልጆች ማሰማትን። ባለቤቴን ምርቃቷን።