ጀርባ ሰጥቶ መስማት

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪዬ አዲስ ክራር ይዛ መጣች፤ ቫርኒሹ ገና ስላልደረቀ ክፍሉን በሙሉ ሽታው ሞላው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ የአስተያየት ወረቀቶች ከምሬ ነበር። ወረቀቱን በማስመሪያ አስምሬ ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ፤ አንዱ ዓምድ «ጓደኛህ ሲጫወት ምን ሰማህ?»፣ ሁለተኛው «የት ላይ ተደናቀፈ?»፣ ሦስተኛው «አንተ ብትሆን ምን ትለውጥ ነበር?» ይላል። አርባ ልጆች ሦስቱንም ዓምድ «በጣም አሪፍ ነው» እያሉ ሞልተውልኛል። አርባ አንደኛው ብቻ «ፀጉሩ ያምራል» ብሏል፤ እሱ ቢያንስ አንድ ነገር አይቷል። ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ዛሬ ደክሞኝ አያውቅም፤ ጀሞ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜም የቫርኒሹ ሽታ ከአፍንጫዬ አልወጣ ብሎ ወደ ድሮው መካኒሳ ይዞኝ ሄደ።

መካኒሳ አቦ አካባቢ፣ ከአንድ አናጺ ቤት ጀርባ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የክራር መምህር አንዲት ክፍል ተከራይተው ቅዳሜ ቅዳሜ ያስተምሩን ነበር። ግድግዳው ሳንቃ ስለነበር መጋዙ ሲጮህ የእኛ ክራር ይዋጣል፤ አናጺው ምሳውን ሊበላ ሲቀመጥ ደግሞ የሳምንቱ ስህተታችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሰማል።

የጋሽ ደምሴ ደንብ እንዲህ ነበር፤ አንዱ ሲጫወት ሌሎቻችን ጀርባችንን ሰጥተነው ወደ ግድግዳው ዞረን እንቀመጣለን። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ፊቱን ካየን ላቡንና ጭንቀቱን አይተን እናዝንለታለን፣ ካዘንንለት ደግሞ መስማታችንን እንተዋለን ይሉ ነበር። ሲጨርስ በየተራ፣ ሳንዞር፣ የሰማነውን እንናገራለን። «ጥሩ ነው» ማለት ክልክል ነው፤ ይህን ያለ ሰው ጓሮ ወርዶ በባልዲ ውሃ ቀድቶ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ግቢው ውሃ አልተቸገረም።

ከሁላችንም የተሻለ ጆሮ የነበራት ጓደኛዬ ሙና ናት። እኔ ስጫወት ግድግዳውን እያየች «አውራ ጣትሽ ዛሬም አርፍዶ መጣ» ትላለች፤ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ቤት ገብቼ ግን ያቺን ጣት ስቀጣት አመሻለሁ። እኔም የእሷን አውቅ ነበር። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ድምፅዋ ይቸኩልና ክራሩን ጥሎት ይሄዳል። በየቅዳሜው እነግራታለሁ፤ ሲነገራት ታስተካክለዋለች፣ ካልተነገራት ይመለስባታል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስንበት ክረምት ሙና ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተመዘገበች። አባቷ ጋሽ ሸምሱ ለቡ ሱቅ ነበራቸው፤ ልጃቸው አካውንቲንግ ተምራ ሱቁን እንድትይዝላቸው ይፈልጉ ስለነበር ፈተናውን ይፈቅዱላታል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ከፈተናው በፊት ባለው ቅዳሜ ግን ራሳቸው መጡ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ሙዝ በፌስታል ይዘው፣ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ለእንግዳ፣ ያውም ለአባት፣ ጀርባ መስጠት ነውር ሆኖብን ግማሽ ጎናችንን ብቻ ወደ ግድግዳው አዞርን።

ሙና ተጫወተች። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ድምፅዋ ቸኮለ፣ ከሌላው ጊዜም ባሰ። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነበር። በዓይኔ ጠርዝ የጋሽ ሸምሱ ጫማ ይታየኛል፤ አንድ ስህተት ከጠራሁ ልጃቸውን ይዘው የሚወጡ መሰለኝ።

«እንከን አይወጣላትም» አልኩ።

ቀጥሎ የነበሩት አምስቱም እየተቀባበሉ ያንኑ አሉ። ጋሽ ደምሴ ውሃ ቅጂ አላሉኝም፤ የክራራቸውን ክር ያጠብቁ ጀመር። ከዚያ ሙዙን በላን።

ፈታኞቹ ሙናን ዜማው ወደ ላይ የሚወጣበት እዚያው ቦታ ላይ አስቆሟት፤ ከተቀበሏቸው ዝርዝር ውስጥም ስሟ አልነበረም። ውጤቱ በተለጠፈ ማግስት ሱቁ ድረስ ሄድኩ። የሳሙና ካርቶን እየፈታች ነበር።

«ያን ቅዳሜ ስቸኩል ሰምተሽዋል አይደል?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ሰምቻለሁ። አባትሽ ስለነበሩ እኮ ነው፣ እንዳይከለክሉሽ ብዬ።»

«አባዬ ከቤት ሳይወጣ ነው የፈቀደልኝ። እናንተን ሊያይ ነው የመጣው።» ሳሙናውን መደርደር ቀጠለች። «እኔ ደግሞ አንቺ ስላልሽ፣ የተስተካከለልኝ መስሎኝ ነው የሄድኩት።»

አልተጣላንም። ዛሬም በለቡ ሳልፍ ጎራ እላለሁ፤ ወንበር ታወጣልኛለች፣ ስለ ልጇና ስለ ኮንዶሚኒየሙ ውሃ መጥፋት እናወራለን። ሁለተኛ ለፈተና አልተመዘገበችም። ጋሽ ደምሴ ሞተዋል፤ የሳንቃ ክፍላቸው የነበረበት ቦታ ላይ ፎቅ እየወጣ ነው። አርባዎቹን ልጆች መቆጣት አልቻልኩም። ወረቀቱን ሲሞሉ የጓደኛቸውን ፊት እያዩ ነበር፤ እኔም ያን ቅዳሜ ጆሮዬን ትቼ ጫማ ሳይ ነበር።

እኔ በዓመቱ ተፈትኜ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ገባሁ። የተመረቅሁ ቀን ተጫውቼ ከመድረክ ስወርድ ሙና አበባ ይዛ ጠበቀችኝ፣ ሳመችኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ምን ሰማሽ ብዬ ልጠይቃት ነበር። አበባውን አስታቀፈችኝና ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ ብላ ወጣች።